ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

አያቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው ወደ ፓዌ ሲመጡ፥ እንደ ብዙዎቹ ሠፋሪዎች ይዘውት የመጡት ንብረት ሁሉ በአንድ ሸክም የሚያልቅ ነበር። ከዚያ ሸክም ውስጥ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ አንድ ጭብጥ ደረቅ የእንዶድ ፍሬ እንደ ነበረበት እስከ ዛሬ ያወሳሉ። እንዶድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ስለ ሆነ በቆላው በፓዌ ምድር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህም ሳሙና በየሱቁ እስኪበዛ ድረስ፥ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ባገኙ ቊጥር እንዶድ እንዲያመጣላቸው ሲለምኑ ኖረዋል። ዛሬም ቢሆን ጋቢ በሳሙና ሲታጠብ ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቊራሉ፤ ሳሙና ጥጡን ይበላዋል ባይ ናቸው።

እኔና ታናናሾቼ በዚህ ነገር ስንሥቅ አድገናል። ነገር ግን ከአስረኛ ክፍል ወዲህ ስለ ሕዋስ ስንማር፥ አያቴ የሚመኩበት ይህ ፍሬ አንድን ኢትዮጵያዊ ሊቅ በዓለም ላይ ስመ ጥር እንዳደረገው ከመጻሕፍት ተረዳሁ። እኚህም ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ታሪካቸውን ለመጽሔታችን አንባብያን ባጭሩ ለማቅረብ ስነሣ፥ ዘመኑን የምጠቅሰው ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሌላም ምክንያት አለ። ታናሽ ወንድሜ ከብት ሲያግድ ከሚዋኝበት ውሃ የተነሣ ሆዱን ይቈርጠው ጀመር፤ ሰገራውም ደም የቀላቀለ ሆነ። እናቴ እንደ ልማዷ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አበላችው። አልተሻለውም። ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስደነው አሜባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ ያም አልረዳውም። ወራት ካለፉ በኋላ ሰገራው በሌላ ቦታ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በሽታው ብልሃርዝያ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑን ዋጠና ዳነ። በሚከተለው ዓመት ግን እንደ ገና ታመመ፤ ውሃው ያው ነው፥ ልጁም ያው ነው፥ በውሃው ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣም ያው ነውና። ዶክተር አክሊሉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ በሦስተኛው ነገር ላይ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት መስከረም 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በሐረርጌ ነው። በተወለዱ በ15ኛው ቀን የፋሽስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ፤ በዚያውም ቀን የአድዋ ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች። የአድዋን ስም እዚህ ላይ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ በሐረርጌ የተወለደው ሕፃን ከ29 ዓመት በኋላ ዕድሉን የሚያገኘው በዚያች ከተማ ነውና።

ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታተሉ። በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሰው ገላ ውስጥ ስለሚኖሩ ጥገኛ ተውሳኮች አጥንተው በ1964 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ወጣት ምሁር ነበሩ፤ ገና 29 ዓመታቸው ነው። የያዙትም ጥናት ብልሃርዝያ በኢትዮጵያ ውስጥ የት የት እንደሚገኝና በምን ዓይነት ቀንድ አውጣ እንደሚተላለፍ መርምሮ ማወቅ ነበር።

ወደ አድዋ ከመሄዳችን በፊት ስለ በሽታው ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል፤ ወላጆቻችን ብልሃርዝያ ከቆሸሸ ምግብ የሚመጣ ሲመስላቸው ሰምቻለሁና። ብልሃርዝያ የሚባለው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው። ወንዱና ሴቷ ተቃቅፈው ለብዙ ዓመት ይኖራሉ። ሴቷ በየቀኑ የምትጥለው እንቊላል ከፊሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋራ ይወጣል፤ ከፊሉም በጉበትና በአንጀት ወይም በፊኛ ውስጥ ተቀርቅሮ ሥጋውን ያቈስላል። የወጣው እንቊላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም እጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ እነዚያ ሺዎች ጅራታቸውን እያወዛወዙ ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ የሚዋኝ ልጅ፥ ልብስ የምታጥብ ሴት፥ ወይም ሩዝ የሚያርም ገበሬ ሲያገኙ ያለ ምንም ቊስል በቆዳው አልፈው ይገባሉ። እንግዲህ ሰውን ሁሉ በአንድ ቀን ማዳን ባይቻል እንኳ፥ ቀንድ አውጣው ከጠፋ መንገዱ ተቈረጠ ማለት ነው። በክልላችንም በአሶሳ ዞን በኩርሙክ የሽንት ፊኛን የሚጐዳው የብልሃርዝያ ዓይነት እንደሚገኝ በጥናት ታውቋል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ የሚነካቸው ሰዎች ከ200 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ቀንድ አውጣን የሚገድል የፋብሪካ መድኃኒት በዚያን ጊዜም ነበረ። ነገር ግን ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ በሽታው የሚበዛባቸው አገሮች ደግሞ ድሆቹ ስለ ሆኑ፥ መድኃኒቱና ሕመምተኛው አይገናኙም ነበር።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በአድዋ የሚያልፈውን ወንዝ ዳር ለዳር እየተከተሉ ቀንድ አውጣ ይሰበስቡ ነበር። በአንድ ቦታ ሴቶች እንዶድ እየወቀጡ ልብስ ያጥባሉ። ከሴቶቹ በታች፥ አረፋው በሚወርድበት በኩል፥ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ። ከሴቶቹ በላይ በኩል ያለው ግን ደኅና ነው። ይህን ልዩነት ከእርሳቸው በፊት ስንት ሰው ረግጦት አልፎ ይሆን! ወንዝ ወርዶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የእንዶድን አረፋም ያላየ የለም። ዶክተር አክሊሉ ከላይ በኩል በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶድ እጣቢ በጨመሩባቸው ጊዜ፥ ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ቅርፊታቸው ተሸብሽበው ሞቱ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ማየታቸው ብቻ አይደለም። አንድ ከአሜሪካ የመጣ ዶክተር በልብስ አጣቢዎች እጣቢ ላይ ጊዜውን ማጥፋቱ በዚያ ዘመን የሚያስከብር ሥራ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። እርሳቸው ግን ፍሬውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በቤተ ሙከራም ደጋግመው ፈትነው በ1965 የመጀመሪያውን ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋም እንዲመሠረት አደረጉ፤ መሪውም እርሳቸው ሆኑ። ተቋሙ የሚሠራው በእንዶድ ብቻ አልነበረም፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የቆዳ ቊስል፥ ይኸውም ቊንጭር የሚባለውን፥ በየአገሩ እየዞሩ ከባልደረቦቻቸው ጋራ አጥንተዋል።

አሁን በእንዶድ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚገድል እናገራለሁ፤ ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠኝ ነው።

እንዶድን እንደ ሳሙና አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን በአንድ ወገኑ ስኳር ስላለው ውሃን ይወዳል፤ በሌላው ወገኑ ደግሞ ቅባትን ይወዳል። በዚህም ምክንያት የልብሱን ቅባት በአንድ እጁ፥ ውሃውን በሌላ እጁ ይዞ እድፉን ያስለቅቃል። ነገር ግን በዓለም ላይ ቅባት ያለው የቆሸሸ ልብስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የእንስሳ ሕዋስ የተጠቀለለበት ስስ ሽፋን ራሱ ከቅባት የተሠራ ነው፤ በውስጡም ኮሌስትሮል አለበት። ሳፖኒን ከዚህ ኮሌስትሮል ጋራ ሲገናኝ ተጣብቆ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ይበሳል፤ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም ይፈነዳል። በቤተ ሙከራ አንድ ጠብታ ደም ላይ የእንዶድ ውሃ ቢጨመር ቀያዮቹ የደም ሕዋሳት ይፈርሳሉ። ቀንድ አውጣው ለስላሳ ገላውን በውሃው ውስጥ ገልጦ የሚኖር ስለ ሆነ የሚደርስበት ይኸው ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም የሚሆን የእንዶድ ኃይል በ24 ሰዓት ውስጥ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ራሱ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ በውሃው ውስጥ አይቀመጥም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነገርም ተገኝቷል። ሳፖኒኑ በፍሬው ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ ሳለ ሁለት የስኳር ሰንሰለት አለው፤ በዚህ ጊዜ ቀንድ አውጣን ለመግደል ኃይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቈርጠዋል፤ ያን ጊዜ ኃይለኛ ይሆናል። እንግዲህ ሴቶቹ እንዶዱን መጀመሪያ ወቅጠው፥ በውሃ አርሰው፥ ጥቂት ጠብቀው ማጠባቸው ትክክለኛው የኬሚስትሪ ሥራ ነበር ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከዶክተር አክሊሉ ጋራ ሆነው ይህን ንጥረ ነገር ለይተው ባወጡ ጊዜ፥ ስሙን ከእርሳቸው ስም ወስደው ሌማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ቶክሲን ማለት መርዝ ነው። በስሙ መርዝ ተሰይሞለት ደስ የሚለው ሰው ብዙ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ማለቴን አንባቢ ይፍቀድልኝ። የዶክተር አክሊሉ ሥራ ስለ ምግብ አይደለም፤ ሳፖኒን ግን በየቀኑ ከማዕዳችን ላይ አለ። ሽምብራ ሲቀቀል በድስቱ አፍ ላይ የሚወጣው አረፋ ከፊሉ ከዚሁ ነው። እናቶቻችን አብሽን ዘፍዝፈው፥ ውሃውን ደጋግመው ደፍተው ምሬቱን የሚያስለቅቁት፥ ኋላም ሲመቱት አረፋ የሚሠራው፥ በውስጡ ሳፖኒን ስላለ ጭምር ነው። በፓዌ የእርሻ ምርምር ማእከል ብዙ የተደከመበት፥ ገበሬዎቻችንም የሚዘሩት አኩሪ አተር እንዲሁ ሳፖኒን አለው። ታዲያ ይህን ሁሉ እየበላን ደማችን ለምን አይፈርስም? ምክንያቱ ሦስት ነው ብለው መጻሕፍት ያስረዳሉ፤ የምንበላው መጠን ጥቂት ነው፤ የየተክሉም ሳፖኒን እንደ እንዶዱ ኃይለኛ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ አንጀታችን ሳፖኒንን ወደ ደም የሚያሳልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። እንዲያውም በአንጀት ውስጥ ሳለ ከኮሌስትሮልና ከሐሞት ጋራ ተጣብቆ አብሯቸው ይወጣል፤ ስለዚህ በልክ የተበላ ጥራጥሬ ይጠቅማል እንጂ አይጐዳም። እንዶድን መጠጣት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ያስታውካል፥ ክፉኛ ያስቀምጣል፥ ነፍስም ሊያጠፋ ይችላል። አባቶቻችን የኮሶን መጠጥ በልክ ሲሰፍሩ ይህን ያውቁ ነበር፤ ኮሶ ትሉን የሚያስወጣው በልኩ ሲጠጣ ነው፥ ከልክ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

የእንዶድም ነገር እንከን የለውም አልልም። ቀንድ አውጣውን በሚገድለው መጠን ትንንሽ ዓሣዎችም ይሞታሉ፤ የቀንድ አውጣውን እንቊላል ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣ የሚያሰክሩ ሰዎች በአገራችን እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ በብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሕዋሱን ሽፋን ሳይሆን በውስጡ ያለውን የመተንፈሻ ሥራ የሚያቆም ነው። የእጽዋት ኃይል ብዙ በር አለው።

ወደ ዶክተር አክሊሉ ልመለስ። በቤተ ሙከራ ቀንድ አውጣ መግደል አንድ ነገር ነው፤ የሰውን በሽታ መቀነስ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዚያችው በአድዋ ትልቅ ሙከራ አካሄዱ። እንዶዱ በአካባቢው ተሰብስቦ፥ ደርቆና ተፈጭቶ በወንዞቹ ውስጥ ይጨመር ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ሲመረመር በብልሃርዝያ የተያዘው ሰው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። የሕፃናቱ ቊጥር ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው፤ ትልልቆቹ ትሉን ከድሮ ይዘው የሚኖሩ ሲሆኑ፥ ሕፃናቱ ግን በሙከራው ዘመን የተወለዱ ወይም ያደጉ ናቸውና አዲስ መያዝ መቅረቱን የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ወጪውም ለአንድ ሰው በዓመት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር።

ይህ ውጤት ከታወቀ በኋላ ዓለም ሁሉ እንዶድ የሚተክል ይመስላል። አልሆነም። ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው፥ በታወቀ ደንብ በሚሠራ ቤተ ሙከራ ካልተረጋገጠ በቀር አንቀበልም አሉ። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አልነበረም። ያለባቸው አገሮች ደግሞ፥ ማንም ገበሬ በጓሮው ሊያበቅለው ለሚችል፥ ለፋብሪካም ትርፍ ለማያስገኝ ተክል ገንዘብ ለማውጣት አልቸኰሉም። በዚህ አኳኋን ዓመቱ እየተቈጠረ ሄደ። በእውነት ለመናገር፥ ጥንቃቄው ብቻውን ስሕተት አይደለም፤ የሕዝብ መጠጥ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሊመረመር ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉን ያሳዘናቸው ግን ጥንቃቄው ሳይሆን፥ አፍሪቃዊ ምሁር በአፍሪቃ ውስጥ ያገኘው ውጤት በሌላ ሰው እጅ እንደ ገና ካልተገኘ እንደማይታመን ማየታቸው ነበር። ይህን ስሜታቸውን በየስብሰባው ከመናገር አልተቈጠቡም።

ተስፋ ግን አልቈረጡም። በ1983 በዛምቢያ በሉሳካ፥ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ በምባባኔ ስለ እንዶድ ብቻ የሚመክሩ የሳይንቲስቶች ጉባኤዎች ተደረጉ። በኋላም በካናዳ እርዳታ የሚፈለገው የመርዛማነት ምርመራ ተካሄደ። ዓይንን ክፉኛ እንደሚያቃጥል ተረጋገጠ፤ ይህንንስ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ በቀር ግን የተፈራው ያህል አደጋ አልተገኘበትም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አብረዋቸው የደከሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እርሳቸው የእርሻ ሊቅ ሲሆኑ፥ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ተክለው አወዳደሩ። እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለምና፤ አንዱ በፍሬው ብዛት፥ አንዱ በኃይሉ፥ አንዱ ተባይን በመቋቋሙ ይበልጣል። ከዚያም ውስጥ 44ኛው ዓይነት ተመርጦ በዚሁ ቊጥር ስሙ ታወቀ። ዶክተር አክሊሉ ባያገኙት ነገሩ አይጀመርም፤ ዶክተር ለገሠ ባይተክሉት ደግሞ ገበሬው እጅ የሚገባ ነገር አይሆንም ነበር። ስማቸው ሲጠራ አብሮ መጠራት ይገባዋል።

በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት በአንድነት፥ ብዙ ሰዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የስዊድን ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የአገራችንን የአዝርዕት ዘር በመጠበቅ የታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ይህንኑ ሽልማት ስላገኙ፥ በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን ተሸለሙ። ሦስቱም የተሸለሙት ገበሬና እናት ሲያውቁት በኖሩት ተክል ምክንያት መሆኑን ልብ ይሏል።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠርተዋል፤ የሕፃናት መርጃው ድርጅት በኢጣልያ በፍሎሬንስ ከተማ ባለው የጥናት ማእከሉ ውስጥ በምክትል ዲሬክተርነት አገልግለዋል። በተወለዱ በግማሽ ወር አገራቸውን የወረረው መንግሥት አገር፥ ስለ ድሀ ልጆች ጤና የሚሠሩበት ቦታ ሆነ። ከዚያም ወደ ተማሩበት ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተመለሱ።

በዚህ ዘመን አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሠተ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ፥ ቅርፊቱ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጐረጐረ አንድ ትንሽ የውሃ ዛጎል ከባሕር ማዶ በመርከብ ገብቶ ተራባ፤ የከተማዎችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ በብዙ ገንዘብ የሚቈጠር ጉዳት አደረሰ። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ቢሞክረው ዛጎሉን የሚገድል ሆኖ አገኘው። ያን ጊዜ ነገሩ ቶሎ ተራመደ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተመዘገበበት፤ በመዝገቡም ላይ የዶክተር አክሊሉ ስም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን ብዬ ተቸገርሁ። የአድዋ ሕፃናት ሲሆኑ ሃያ ዓመት የጠየቀው ማስረጃ፥ የአሜሪካ ቧንቧ ሲሆን በጥቂት ዓመት አለቀ። የመዝገቡም ባለቤት ፍሬውን ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች አይደሉም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል።

በዛሬው ጊዜ ብልሃርዝያን ለመከላከል በአገራችን በብዛት የሚሠራበት ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በቁመት መለኪያ በትር እየተለካን በቁመታችን ልክ የዋጥነው እርሱ ነው። በሰው ገላ ያለውን ትል ይገድላል፤ ብዙ ሕፃናትንም አድኗል። በኩሬው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካውም፤ የወንድሜም ሕመም የተመለሰው ስለዚህ ነው። አሁን ወደዚያ ውሃ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ነገር ግን በቆላ በመጋቢት ፀሐይ፥ ከብት ለሚያግድ የአሥር ዓመት ልጅ፥ ይህ ክልከላ ምን ያህል እንደሚጸና እኔም እናቴም እናውቃለን።

ባለፈው ዓመት የዘመድ ሰው ከደጋ ሲመጣ ለአያቴ እንዶድ አመጣላቸው። እኔም ጥቂት ለምኜ ወሰድሁና ሦስት ጠርሙስ አዘጋጅቼ፥ በአንዱ ሽምብራ የተዘፈዘፈበት ውሃ፥ በአንዱ የአብሽ ውሃ፥ በሦስተኛው የተወቀጠ እንዶድ ጨምሬ እኩል ናጥኋቸው። የሽምብራው አረፋ ቶሎ ጠፋ፤ የአብሹ ከዚያ ዘገየ፤ የእንዶዱ ግን በማግሥቱ ጠዋት ስነሣም በጠርሙሱ አንገት ላይ ነበረ። አያቴ ጠርሙሶቹን አይተው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የአድዋን ሴቶች፥ የቀንድ አውጣውን፥ የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ስለ ስቶክሆልም ሽልማትም ሆነ ስለ አሜሪካው መዝገብ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሴቶቹ ፍሬውን የለቀሙት ጥሬውን ነው ወይስ ቀልቶ የበሰለውን ነው ብለው ነው። ኃይሉ የሚበረታው ሳይቀላ አረንጓዴውን ተለቅሞ ሲደርቅ መሆኑን ከመጽሐፍ አንብቤ ነበርና ይህንኑ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፥ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን እንዶድ ጋቢያቸው በተዘፈዘፈበት ገበታ ላይ ገለበጡት።